እጀታዋ የራሷ አይደለም

«እጀታዋ የራሷ አይደለም» ይላል የሽያጭ ማስታወቂያው። የእህቴ ልጅ ሐና ስልኳን ከፍታ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስትተረጉምልኝ ሌላውን ሁሉ በትዕግሥት ሰማሁ። በጦርነት ጊዜ የተሠራች የምስጢር መልእክት መጻፊያ መኪና ናት። ከዓይነቷ የቀሩት ጥቂት ናቸው። የሣጥኗ እንጨት አልተበላም፣ አምፖሎቿ ይበራሉ፣ ብርቅ ዕቃ ለሚሰበስቡ ሰዎች ለሽያጭ ቀርባለች። ይህን ሁሉ በሙገሳ ሲደረድር ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ነውሯን እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እጀታዋ የራሷ አይደለም፤ ማንነቱ ባልታወቀ ሰው በቆዳ ጠፍር ተተክቷል፤ ገዢው ከፈለገ አንሥተን በትክክለኛው እንለውጥለታለን» ይላል። ደሜ ፈላ። ሐና ደንግጣ «አክስቴ፣ ግፊትሽ እንዳይነሣ» አለችኝ። ይነሣ እንጂ። ማንነቱ አልታወቀም የተባለውን ሰው እኔ በስም አውቀዋለሁ። ያን ጠፍር በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄ ነክቼዋለሁ፣ የቅቤው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የታይፕ ጸሐፊ ነኝ። ጽጌ እባላለሁ። መካነ ሰላም ውስጥ በመንግሥት ቢሮ ጣቶቼ እስኪጣመሙ ድረስ ጽፌአለሁ። የምነግራችሁ ነገር የተደረገው መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው፤ የትናንት ታጋዮች ሸበጣቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ የወጡበት፣ የድሮ ሹሞች ኮታቸውን ገልብጠው ያሰፉበት ጊዜ። እኔ ያኔ ቀጭን ነበርኩ። ጥፍሬን ቀይ እቀባለሁ፣ የፖሊስተር ቀሚሴን ካውያ አስመትቼ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ተጫምቼ በዚያ ጭቃ እሄዳለሁ፤ ሰው ይሥቅብኛል፣ እኔም እሥቃለሁ። አንድ ገጽ ማመልከቻ በሃምሳ ሳንቲም ይጻፋል። ሻይ በስሙኒ ነው፤ ስኳሩን እስኪበቃህ ትጨምራለህ፣ ማንም አያይህም። መናኸሪያው ጥግ የነበረው ካሴት ቤት ጠዋት ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት በኋላ ዘፈን ይከፍት ነበር። ባለቤቱ ክርስቲያን ነው። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ቢጠየቅ «ጠዋት ለነፍስ፣ ከሰዓት ለሥጋ» ይል ነበር። የደሴ አውቶቡስ ሲመጣ አቧራው ካሴት ቤቱ ውስጥ ድረስ ይገባል፣ እሱም ካሴቶቹን አንድ በአንድ በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ባለ መስተዋት ፎቅ ቆሞ ስልክ ይሸጥበታል። በስልኩም እንደምታዩት የሰው አማና ይሸጥበታል።

አማና ያልኩት በምክንያት ነው። ሌላው አገር አደራ ይላል፤ እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም አማና ይላል። ከተማው ዳር፣ ሼኮቹ ቁርኣን የሚያስቀሩበት ሰፈር ውስጥ፣ የእትዬ ዘይነብ ቤት ነበረ። አባቷ ስመ ጥር ሼክ ነበሩ፤ እሳቸው ካለፉ በኋላ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ያ ቤት ባንክ በሌለበት ዘመን ባንካችን ነበር ማለት ይቻላል። ሰው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ቁልፉን እዚያ ያስቀምጣል። ልጅ የምትድር እናት ድሪዋን እስከ ሠርጉ ድረስ እዚያ ታኖራለች። አንድ ቄስ የቤተ ክርስቲያናቸው ጣራ እስኪጠገን ካባቸውን እዚያ እንዳስቀመጡ አስታውሳለሁ። ጓዳዋ ውስጥ ከጣራው ሥር ሰፊ ቆጥ ነበረ፤ ዕቃው ሁሉ በየባለቤቱ ተለይቶ እዚያ ላይ ይደረደራል። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ሰጪው «አማና» ይላል፣ ተቀባዩ እጁን ዘርግቶ «አማናህን ተቀብያለሁ» ይላል፣ አለቀ። በዚያ አገር ያን ቃል ተናግሮ የሚዋሽ ሰው አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም። አንድ ሌላም ሥርዓት አለ፦ አማና ሲመለስ ተቀባዩ በመላሹ ፊት ፈቶ አያይም። ፈቶ ማየት ሰውየውን ሌባ ማለት ነው።

መኪናዋ ከዚያ ቆጥ ላይ ከማንኛውም ዕቃ በላይ የቆየች ነበረች። ያስቀመጧት ባላምባራስ ደምሴ የሚባሉ የተንታ ሰው ናቸው፤ በጣሊያን ጊዜ ከአርበኞቹ ጋር የነበሩ። ከጠላት ጓዝ ላይ አንዲት በቅሎ ማርከው ጭነቷ ውስጥ ሣጥኗን አገኙ። በቅሎዋ ገደል ለገደል ስትሮጥ ሣጥኗ ወድቃ እጀታዋ ተሰብሮ ኖሮ፣ ባላምባራስ የገዛ ጠመንጃቸውን ማንገቻ ቆርጠው፣ በራሳቸው አስተሳሰር ቋጥረው፣ ቋጠሮው ላይ አንድ ባዶ ቀለህ ሰክተው አዲስ እጀታ አበጁላት። ከዚያ አምጥተው ለእትዬ ዘይነብ አባት ሰጡ። «ልጄ አድጎ ቤት ሲሠራ ስጡልኝ» አሉ። ብዙም ሳይቆዩ በውጊያ ወደቁ። ሼኩ ሲሞቱ አማናዋ ለልጃቸው ተላለፈች፤ በየዓመቱ ከመውሊድ በኋላ እትዬ ዘይነብ ሣጥኗን ታወርዳለች፣ አንድ ሼክና አንድ ቄስ ተቀምጠው ያያሉ፣ እሷም ጠፍሩ እንዳይሰነጠቅ ለጋ ቅቤ ትቀባዋለች። ክዳኑን ከፍቶ የሚነካካ የለም። በጨረፍታ ያዩት «የፈረንጅ ታይፕ ናት» ይሉ ነበር።

የባላምባራስ ልጅ፣ ይመር ደምሴ፣ ዕድሜውን ወታደር ሆኖ አሳለፈ። መንግሥት ሲለወጥ ትጥቁን ፈትቶ ባዶ እጁን አጅባር ገባ፣ ከዘመድ ቤት ተጠግቶ እህል እየነገደ። ለእትዬ ዘይነብ «ቤት ልሠራ ነው፤ ሠርቼ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብሎ ላከባት። ያ ኃላፊ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ስሙን አልጽፍም፤ መጻፉን እንደ ማክበር እቆጥረዋለሁ። ቅርስ ለመመዝገብ ከላይ የተላከ ነው ተባለ። ካኪ ኮት፣ ነጭ ላንድ ክሩዘር፣ የማይጠፋ ፈገግታ። ስለ መኪናዋ የነገረው ማን እንደሆነ አላውቅም። እትዬ ዘይነብ ቤት ሲሄድ የቢሮው ሰዎች ተከተሉት፣ እኔም ማስታወሻ ያዢ ተብዬ ሄድኩ። ከበራፍ ላይ ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመች ነበር።

«እናቴ፣ ይቺ ዕቃ የሕዝብ ታሪክ ናት። ደሴ ወስደን ለሕዝብ እናሳያት» አላት።

«የሕዝብ አይደለችም፣ የይመር ናት» አለችው። «እኔ ባለቤት አይደለሁም። በምን እጄ አንሥቼ ልስጥህ?»

«ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ደብዳቤም አለኝ፣ ማኅተም ያለበት።»

«ወረቀቱን ተወው። ወረቀት አማና አይቀበልም። አንተ እንደ ሰው ተቀብለህ እንደ ሰው ትመልሳለህ? እጅህን ዘርጋና በለው።»

እጁን ዘረጋ። ሼኩም ቄሱም ተጠርተው መጥተው ቆመዋል። ዓይኑን ሳያሽ «አማናችሁን ተቀብያለሁ» አለ። እሷም በቃ አመነችው። ዛሬ ላይ ሆኖ ሞኝ ናት ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ያን ቃል ከአፉ ስሰማ አብሬ አምኛለሁ፣ ቄሱም አምነዋል፣ በራፉ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ አምኗል። ሞኝነት ከሆነ የአገር ሙሉ ሞኝነት ነበር።

በማግሥቱ መኪናዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣትና «ታይፕ ናት ይላሉ፤ እስቲ ሞክሪያት» አለኝ። ክዳኗን ከፈትኩ። የፈረንጅ ፊደል ያለባቸው ቁልፎች አሏት፤ ግን ቀለም የነከረው ጥብጣብ የላትም፣ ወረቀት የሚገባበትም የላትም። በላይዋ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ በክብ በክብ መስኮት ውስጥ ሌላ ፊደል አለ። የባትሪ ድንጋይ የሚገባበት ቦታ ስናገኝ ከሱቅ አስመጥቶ ሽቦ አገናኘ። አንዱን ቁልፍ ጫንኩት። አንድ ጎማ ቀጭ አለና ከመስኮቶቹ በአንዱ ሌላ ፊደል በራ። ያንኑ ቁልፍ ደግሜ ጫንኩት፤ አሁን ደግሞ ሌላ ፊደል በራ። ስንትና ስንት ዓመት ቆጥ ላይ ተኝታ። እኔ እንደ ልጅ ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም። ፈገግታው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቱ ሲጠፋ አየሁ። ድንጋዮቹን አወጣ፣ ክዳኑን ዘጋ፣ «ለማንም አታውሪ፣ የመንግሥት ምስጢር ሊሆን ይችላል» አለኝ። በዚያው ሳምንት ወጥቶ ሄደ። ላንድ ክሩዘሩን ነዳጅ ሞልተን፣ መንገድ ላይ እንዳይርበው ዶሮ አሠርተን ሸኘነው። መቅደላ ከእኛ ሩቅ አይደለም። እንግሊዝ ዘርፎን ሄደ እያልን ያደግን ልጆች ነን፤ እንግሊዙ እንኳ መድፍ ይዞ መጥቶ ነው። ይኼኛው በዶሮ ወጥ ነው የተሸኘው።

ቃሉን ጠብቆ ተመለሰ። እዚህ ላይ ነው ተንኮሉ። ዕቃውን «አቧራ እንዳይገባበት» ብሎ በጆንያ ሸፍኖ፣ በወፍራም መርፌ ዙሪያውን አስፍቶ፣ በዚያው ሼክና በዚያው ቄስ ፊት «አማናችሁን መልሻለሁ» ብሎ አስረከባት። ሥርዓቱን ከእኛ ተምሮ በእኛው ላይ ዋለበት። እሷ በፊቱ እንደማትፈታ ያውቃል። አመስግና፣ መርቃ፣ እንደተሰፋ ቆጡ ላይ መለሰችው።

መውሊድ አለፈና ማሳያው ደረሰ። በዚያ ዓመት ይመርም አጅባር ላይ ቆርቆሮ ቤቱን ሠርቶ ሊወስዳት መጣ። ነጭ ለብሶ ነበር። እትዬ ዘይነብ ቅቤውን በትንሽ ዋንጫ ይዛ ቁጭ አለች፣ ጆንያው ተቀደደ። ከውስጥ የወጣው ሣጥን ሌላ ነው፣ ጠፍር የለውም። ሲከፈት ደግሞ ቁልፎቹ የረገፉ፣ ዝገት የበላው ተራ የአማርኛ ታይፕ ሆኖ ተገኘ። እኔን አስጠሩኝ። «ያየሻት ይቺ ናት?» ሲሉኝ «አይደለችም፤ ያቺ አምፖል የምታበራ ነበረች» አልኩ። እውነቱን ተናገርኩ፣ ዛሬም እናገረዋለሁ። ያ እውነት ግን ለእትዬ ዘይነብ አንገት ገመድ ሆነ። ኃላፊው በኋላ ሲጠየቅ «እኔ በሁለት ምስክር ፊት መልሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ በማን ቤት ነበረች?» አለ። ሁሉም ቆጠረ፦ ወራት በእሷ ቤት ነበረች። ሰውየው ባለ ማኅተም ነው፣ እሷ ምስር ለቃሚ።

ይመር አልጮኸም። «ለማን ሸጥሽብኝ?» ብቻ አላት። አንቱ ሲላት የኖረ ሰው ያን ዕለት አንቺ አላት። እሷም ቅቤውን እንደያዘች «ወላሂ ዓይኔ አላየም» አለች። ወደ አጅባር ሄደ፣ ተመልሶም አልመጣም።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው ከሌባው ይልቅ በእኛ እናደዳለሁ። ማንም ፊት ለፊት አደራ በላ አላላትም። ጨዋዎች ነን። ብቻ በየተራ እየመጡ ዕቃቸውን ወሰዱ። አንዷ «ልጄን ልድር ነው» ትላለች፣ ልጇ ገና ጡት የጣለች ናት። አንዱ «ቤት ሠራሁ፣ ማስቀመጫ አለኝ» ይላል፣ ቤቱን ከሠራ ዘመን አልፎታል። ሁሉም በፈገግታ፣ ሁሉም «አላህ ይስጥልን» እያለ። እሷም ለእያንዳንዱ ዕቃውን አራግፋ፣ ጠርጋ ትሰጣለች። ወር ሳይሞላ ቆጡ ባዶ ሆነ። ባሏ ሲሞት የሰፈሩ ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ቀብሩን ቀበረ፣ ደንቡ ነውና፤ ለቅሶ የሚቀመጥ ግን ከእኔና ከጥቂት ጎረቤት በቀር አልነበረም። ዘመኑ ሄደ። አስፋልት መጣ፣ መብራት መጣ፣ እኔም በኮምፒውተር ጻፊ ተባልኩ፣ ከዚያም ጡረታ ወጣሁ። ያ ስም ግን እሷ ላይ ቀረ።

እንግዲህ ሐና ስልኳን ይዛ የመጣችው ይህ ሁሉ ካለፈ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እሷ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ስለ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ለተማሪዎቿ ሥዕል ስትፈልግ ነው ያገኘቻት። ሰብሳቢ የሚባሉት ሰዎች ደግሞ ዕቃው ብቻ አይበቃቸውም፤ ከየት መጣ፣ በማን እጅ ነበረ ብለው ታሪኩንም ይጠይቃሉ አሉ። ታሪክ ካለው ዋጋው ይወጣል። ስለዚህ ሻጮቹ ታሪኩን በኩራት ለጥፈውታል፦ «ከአንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ቤተሰብ የተገኘች፤ በደጋ አገር ሲያገለግሉ ከአገሬው በስጦታ የተሰጠቻቸው።» ለማስረጃም ፎቶ አለ። ያ ኃላፊ፣ ጸጉሩ ሸብቶ፣ በገዛ ሳሎኑ ፎቴ ላይ ተቀምጦ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ባለ ዳንቴል ጠረጴዛ ላይ መኪናዋ። ጠፍሩ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል፣ ቀለሁ ያብረቀርቃል። ፈገግታው ያው ነው። ዋጋ ሊጨምሩበት የለጠፉት ፎቶ ሌባውን አሳይቶ ቁጭ አለ።

ደሴ ልኬ ፎቶውን በትልቁ አሳጠብኩትና ለቅሬው ስብሰባ ይዤ ሄድኩ። የቅሬው ዳኛ መነጽሩን አድርጎ፣ አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ አየው። «በስጦታ?» አለ። ደጋግሞ እሱን ቃል ብቻ አለ። ሐና ደግሞ ለሻጮቹ ጻፈች፦ የሰው አደራ ናት፣ ባለቤት አላት፣ መልሱ። ምላሻቸው በማግሥቱ መጣ። በጣም ጨዋ መልስ ነው። ግዢው ሕጋዊ ነው፣ መኪናዋም ገዢ አግኝታለች፣ ስለ ስሜታችሁ እናዝናለን ይላል። ሐና ተናዳ «እሺ፣ ጠፍሩስ?» ብላ ጻፈች። ጠፍሩን ቀድሞውኑ አንሥተውታል፤ ዋጋ የለውም፤ ከፈለጋችሁ ያለ ክፍያ እንልካለን አሉ። ላኩትም።

እሽጉን ይዤ እትዬ ዘይነብ ዘንድ ገባሁ። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ይዤልዎት መጣሁ።»

«ኸይር ነው ጽጌ?»

እጇ ላይ አኖርኩት። ጣቶቿ ቋጠሮውን አገኙት፣ ከቋጠሮው ቀለሁን አገኙ፣ ከዚያ ቆሙ። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«ቅቤዬን አጥበውብኛል» አለች። «አድርቀውታል። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እሷ አላለቀሰችም፣ ቅቤ አምጪልኝ ብላ ላከችኝ።

ይመር ደምሴ ከአጅባር መጣ። ምርኩዝ ይዟል፣ ነጭ ለብሷል። የአሁኑ ሼክና የአሁኑ ቄስ ተቀመጡ፣ የቅሬው ሰዎች በራፍ ላይ ቆሙ። እትዬ ዘይነብ በቅቤ የወዛውን ጠፍር በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«አማናህ ይኸው። የደረሰልኝ ይኼ ነው።»

ይመር ተቀብሎ የአባቱን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ይቅርታ ሊለምናት በጉልበቱ ተንበረከከ። «እትዬ፣ አፉ በሉኝ» አለ።

«አፉ ብያለሁ» አለችው። «ግን አላለቀም። እኔ የተቀበልኩት ጠፍር ብቻ አይደለም።»

በራፍ ላይ የቆሙት አንገታቸውን እንደደፉ ነበሩ። የቅሬው ዳኛ፣ ከብዙዎቹ ቀድሞ ዕቃውን የወሰደው እሱ ነበር፣ ኪሱን ዳብሶ የቤቱን ቁልፍ አወጣ። «እትዬ ዘይነብ፣ ልጆቼን ለማየት አዲስ አበባ መሄዴ ነው። ይህን አማና ያስቀምጡልኝ።»

ሁላችንም ወደ ጓዳው አየን። ከጣራው ሥር ያለው ቆጥ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው፣ አቧራ እንኳ የለበትም፣ በየቀኑ ታስጠርገዋለች። እትዬ ዘይነብ እጇን አልዘረጋችም።

«ቦታ የለኝም» አለች። «የባላምባራስ ዕቃ አልተነሣም።»